እግሬና የሩቁ ባሕር

ባለፈው ሰኞ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ስለ እግሬ በሬዲዮ ሲወራ ሰማሁ። ስሜን አልጠሩም፣ ድሬዳዋንም አልጠሩም፣ ግን የሚወራው ስለ እኔ እግር ነበር። ታይዋን ከሚባለው ገበያችን ለባለቤቴ ነጠላ ጫማ ገዝቼ ወደ ቤት ስመለስ ነው። ሾፌሩ የልጅ ልጄ እኩያ የሚሆን ልጅ ነው። ሬዲዮኑን የከፈተው ዘፈን ሊሰማ ነበር፤ ዘፈኑ አለቀና ድምፁ ረጋ ያለ አንድ ሰው ገባ። ከዓለም ማዶ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚባል ትልቅ ባሕር አለ፣ በየጥቂት ዓመቱ ውሃው ይሞቃል አለ። እሱ ሲሞቅ የእኛ የክረምት ዝናብ ይሳሳል፣ ምሥራቁ ይደርቃል። ከዚያ ደግሞ ክረምቱ ካለፈና ሰው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ያልተጠራ ዝናብ መጥቶ ጎርፍ ይሆናል አለ። ይኼ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፣ ድሮም ነበረ፣ አለ። ሳቄ መጣ። ልይዘው ብዬ አቃተኝ፤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ልጁ በመስታወት አየኝና ባጃጁን ዳር አስያዘ።

«አንቺ እማማ፣ ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም ልጄ፣ ንዳ።»

«ወላሂ ካመመሽ ሐኪም ቤት ላድርስሽ። ሒሳብ አልጠይቅሽም።»

«ዝናቡን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም ማለት ነው» አልኩት።

ምን ይበለኝ? «አይ አቦ፣ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ» አለና ነዳ።

በእኛ ጊዜ ሙሽራ ስትመጣ ሰው ፊቷን አንዴ ያይና የቀረውን ዓመት እግሯን ሲመለከት ይከርማል። ከገባች በኋላ ላሚቱ ከወለደች፣ ገበያው ከደራ፣ ዝናቡ በጊዜው ከጣለ «እግረ እርጥብ ናት» ይባልላታል፤ አማት ሳትቀር ትስማታለች። ከብት ከሞተና ሰማይ ከነጣ ደግሞ «እግረ ደረቅ» ትባላለች። እኔ ሁለቱንም ተብያለሁ፤ ያውም በአንድ ዓመት ውስጥ። የትኛው ይበልጥ እንዳሳፈረኝ እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። ከሁለቱም የባሰ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባሌ በቤቱ ያኖረኝ ወዶኝ ይሁን ወይስ እግሬ በመጨረሻ እርጥብ ሆኖ ስለተገኘ ሳላውቅ ማርጀቴ።

ያደግሁት ሚኤሶ ነው። አባቴ ጣቢያው ላይ የሐዲድ ዘበኛ ነበር። ታደሰ ከድሬዳዋ ከጥገና ሰዎች ጋር እየመጣ ሐዲድ ሲያጠብቅ እናቴ ቤት ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ። የማይናገር ሰው ነው። ጓደኞቹ ሲቀልዱ እሱ ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ያመሻል። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ፤ በአፉ ያልነገረኝን ሽማግሌዎቹ ለአባቴ ነገሩልኝ። ለሰርጉ ብሎ ከድሬዳዋው ከከዚራ ሰፈር ከአንድ ግሪክ ሱቅ ነጭ ጫማ ገዝቶ ሰደደልኝ፤ ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ከፊቱ ትንሽ ሪቫን የታሰረበት። እኔ እስከዚያ ከሸራ ጫማ በቀር አላውቅም። ባቡሩ ውስጥ ጉልበቴ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የመጣሁት፤ ያደረግሁት ድሬዳዋ ልንገባ ስንል ነው።

ያን ጊዜ ድሬዳዋ! ከሚኤሶ አቧራ ለወጣች ልጅ ሰርግ የማያልቅበት ቤት ይመስል ነበር። የከዚራ ዛፎች ከላይ ተቃቅፈው መንገዱን በሙሉ ጥላ አልብሰውታል። ሥራ ሲለቀቅ የባቡር ድርጅቱ፣ የሽመንደፈሩ፣ ጡሩምባ ይጮህና ከባቡር ፋብሪካው ብስክሌት በብስክሌት ላይ ይፈሳል፤ ወንዶቹ ካኪ ቁምጣ፣ ሸሚዛቸው እጅጌው የተጠቀለለ። ሴቶቹ ቀለሙ ዓይን የሚወጋ ስስ ድሪያ ለብሰው፣ ናይለን ሻሽ ጣል አድርገው፣ ማንንም ሳይፈሩ ይስቃሉ። ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳው በአምስት ሳንቲም፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ማሩ እየተንጠባጠበ በአስር ሳንቲም ነው። ስሙኒ ካለሽ ከለገሃሬ እስከ መጋላ በፈረስ ጋሪ እንደ እመቤት ተቀምጠሽ ትሄጃለሽ። ከየሻይ ቤቱ የዓረቡ ዑድ፣ የሱማሌው ዘፈን፣ የደገኛው ክራር እየተደባለቀ ይወጣል፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ትልቁም ትንሹም «አንተ» «አንቺ» ነው። አባቴን «አንቱ» ብዬ ላደግሁት ለእኔ ይኼ ጉድ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጄ «አንቺ» ስትለኝ ደስ ይለኛል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ይወርድና ከተማው በሙሉ ይተኛል። ባለሱቁም፣ ጋሪ ነጂውም፣ ፈረሱም ይተኛል።

የታደሰ ቤት ከደቻቱ ማዶ ነበር። ወንዝ እንሻገራለን ሲሉኝ ውሃ ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ሰፊ አሸዋ ነው፤ አሸዋው ላይ ሰው አትክልት ዘርግቶ ይሸጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። «ወንዙ የታለ?» ብዬ ብጠይቅ ሚዜዎቹ ሳቁብኝ። የታደሰ እናት፣ እማማ የሺ፣ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ባላቸው ሞተውባቸው አንድ ልጃቸውን በወተት ያሳደጉ ሴት ናቸው። ላሞቻቸው ከከተማው ውጭ፣ ዋሂል፣ አንድ ገበሬ ዘንድ ናቸው፤ ወተቱ በየማለዳው በአህያ ይመጣል፣ እሳቸው ደግሞ ለከዚራ ፈረንጆች እየዞሩ ይሸጣሉ። በዚያ ሰፈር ወግ ሙሽራ ስትገባ ደፉ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ይፈሳል፤ ሙሽራዋ ረግጣው ትገባለች፤ እግሯ እርጥብ ሆነ ማለት ነው። ይኼን ማንም አልነገረኝም። እማማ የሺ ውሃውን አፈሰሱ። እኔ ወደታች አየሁ፤ ጭቃ ሆኗል። ነጩን ጫማ አየሁ። ታደሰ የገዛልኝ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ጭቃ አይነካውም ብዬ ቀሚሴን ሰብሰብ አደረግሁና ዘልዬው ገባሁ።

እልልታው ተቆረጠ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ዉይ!» ስትል ሰማሁ። ጫማውን አድንቃ መስሎኝ ኮራሁ።

ሰኔ ሲገባ ሰው ወደ ሰማይ ቀና ቀና ማለት ጀመረ። ሐምሌም ገባ። ደመናው ከወደ ሐረር ተራሮች ይሰበሰብና ጠቁሮ ጠቁሮ፣ እኛ ልብሳችንን ከገመድ አውርደን ስንጨርስ፣ ይበተናል። ነሐሴ ላይ ቀና ማለትም ቀረ። ቦኖ ውሃ ላይ ሰልፉ ረዘመ፤ ደቻቱ አሸዋ ላይ ከብት ለማጠጣት የሚቆፍሩት ጉድጓድ ጥልቀቱ የሰው ቁመት ሆነ። ከዋሂል የሚመጣው ወተት መጀመሪያ በግማሽ ቀነሰ፣ ቀጥሎ አህያው ባዶውን መጣ፣ ከዚያ አህያውም ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ እማማ የሺ ከዋሂል የሚመጣ ሰው ባዩ ቁጥር ስለ ላሞቻቸው ይጠይቃሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ማታ እህል ቀርቦ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ።

«ዘለለችው እኮ» ይላሉ። «በዓይኔ ነው ያየሁት። ውሃውን ዘለለችው።»

ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። ታደሰ ጉርሻውን በአፉ ይዞ ያቀረቅራል። እኔ አፍሬ የምገባበት እፈልጋለሁ። «እማማ፣ አላወቅሁም እኮ፣ ጫማው እንዳይበላሽ ብዬ ነው» ያልኩ ዕለት ባሰብኝ፤ ለጫማዋ ብላ አገር ያደረቀች ተባልኩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

ወሬ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። መጋላ አንድ የመናዊ ባለሱቅ ነበር፣ ዓሊ የሚባል፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ ደግ ሰው። ዓረቦቹ የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ ኢስቲፍታህ ይሉታል፤ እሱ ካማረ ቀኑ ያምራል ብለው ያምናሉ። አንድ ማለዳ ክብሪትና ላምባ ልገዛ ሄድኩ፤ ገና ሱቁን መክፈቱ ነው። እጁን አነሳ።

«አስካለ ልጄ፣ ትንሽ ቆዪ። አንድ ሰው ይቅደምሽ።»

«ለምን?»

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ አትቀየሚኝ። አንድ ሰው ብቻ።»

ፀሐይ ላይ ቆምኩ። የሚያልፈው ሁሉ ለምን እንደቆምኩ ያውቃል። አንድ ሰውዬ ለሲጋራ መጣ፣ ገዛ፣ ወጣ፤ ከዚያ ዓሊ «አሁን ግቢ፣ ግቢ» አለኝ፣ ከረሜላም መረቀልኝ። ከረሜላው እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ቤት፣ ማንም ሱቅ፣ ቀድሜ ገብቼ አላውቅም። ባለፈው ሰኞም ታይዋን ስደርስ ሱቁ ባዶ ነበር፤ የሆነ ሰው እስኪገባ ሌላውን ዕቃ የማይ መስዬ ውጭ ተንጠራወዝኩ። ቢጠይቁኝ እክዳለሁ።

የሚያሳፍረው ሰው ማመኑ አይደለም፤ እኔም ማመኔ ነው። ከተማው በሚተኛበት በቀትሩ ሙቀት፣ እማማ የሺ ሲያንኮራፉ፣ በጣሳ ውሃ ቀድቼ እወጣና ደፉ ላይ አፈሰዋለሁ። ከዚያ በባዶ እግሬ ረግጬው እገባለሁ። እወጣለሁ፣ ደግሜ እገባለሁ። ሰማዩን አያለሁ፤ ምንም የለም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሃሊማ ያዘችኝ። ሱማሌ ናት፣ ከጅቡቲ በባቡር ጨርቅ እያመጣች የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከዚራ የሚሰማ ሴት።

«ናያ! ምን እየሠራሽ ነው? ሰው ውሃ አጥቶ አሸዋ ሲቧጥጥ አንቺ ደፍ ታጠጫለሽ?»

«ሃሊማ፣ ቀስ በይ፣ ይነቃሉ።»

«ይንቁ! ሮብ፣ ዝናቡ፣ የአላህ ነው። ዝናብ በሴት እግር አይመጣም፣ በሴት እግር አይሄድም። ይኼን ንገሪያቸው፣ ሃሊማ አለች በያቸው።»

አቅፋ ሳመችኝ፤ አለቀስኩባት። በማግስቱ ፍየሏ ወልዳ ግልገሎቹን ላይ ብዬ ብሄድ ግን በሩ ላይ ቆማ «አስኩዬ፣ ዛሬ ይቅርብሽ፣ ነገ ታያቸዋለሽ» አለችኝ። ወላሂ አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን የእኔን እግር አላስገባም ነበር።

ዓመት በዓል አለፈ፤ ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ሰው እንዳያገኘኝ ጓዳ ዋልኩ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ገበሬው ራሱ ከዋሂል በእግሩ መጣ። የመጨረሻዋ ላም፣ ቡሬ የምትባለው፣ ሞታለች። እማማ የሺ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ታደሰ ከሥራ እስኪመጣ ጠበቁት።

«ወደ አባቷ ትሂድ» አሉት። «ክፉ አልተመኘሁላትም። ዝናብ ሲመጣ ትመጣለች። ካልመጣም … እግዜር ያውቃል።»

ታደሰ ኮፍያውን እጁ ላይ አሽከረከረ፤ እናቴ ቤት ብርጭቆውን እንደሚያሽከረክረው። እንቢ እስኪል ጠበቅሁት። አንዲት እንቢ።

«እሺ እማዬ» አለ።

ጣቢያው ያን ቀን ሙሉ ነበር። ዕቃቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ ነጋዴዎች፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ ሴቶች፣ በቆርቆሮ ሣጥን ላይ የተኙ ወታደሮች። እኔ ነጩን ጫማዬን አድርጌ ነበር፤ ሌላ ጫማ ስላልነበረኝ ሳይሆን አባቴ ሲያየኝ ተባርራ መጣች እንዳይለኝ፣ ልጠይቅ የመጣሁ እንድመስል። ታደሰ ሚኤሶ ድረስ ሊያደርሰኝ ሣጥኔን ተሸክሞ አጠገቤ ቆመ። ሰላም የሚለው ሁሉ «ወዴት ነው?» ይለዋል፤ እሱ በአገጩ ወደ ሐዲዱ ያሳያል። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በተራራው በኩል ግን ጥቁር ነገር ቆሟል። ማንም ልብ አላለውም፤ ያን ዓመት ስንት ጥቁር ነገር ቆሞ ተበትኗል። ባቡሩ ገብቶ ቆመ፣ ወጣን፣ ተቀመጥን፣ አልተነሳም። ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። በኋላ የጣቢያው ሰው እየሮጠ መጣና ከደረጃው ላይ ጮኸ።

«ውረዱ! ዛሬ ጉዞ የለም። ኤረር ሳይደረስ ጎርፍ ሐዲዱን ቆርጦታል። የጥገና ሰው ሁሉ ለነገ ማለዳ ይዘጋጅ!»

ሰው ተንጫጫ። እኔ ታደሰን ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱን አዞረብኝ። መሀረቡን አውጥቶ አፍና አፍንጫውን ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ ብዙ ቆየ። ገባኝ፣ አልኩ። ይቺን ጉድ ይዞ እንደገና በሰፈሩ መሃል ሊመለስ ነው፤ አፍሮብኝ ነው የሚያለቅሰው። ጎርፉ ሐዲዱን ሲቆርጠው እኔንም አብሮ በወሰደኝ ብዬ ተመኘሁ። ይቺ የተዞረች ፊት ናት ሕይወቴን ሙሉ የተከተለችኝ፤ ልጅ ስወልድለትም፣ ልጅ ስድርም፣ በአገር ላይ ስንት ነገር መጥቶ ሲሄድም፣ ዓይኔን ስከድን የማያት እሷን ነው።

ደቻቱ ስንደርስ አሸዋው አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዙን አየሁት፤ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ውሃ፣ ቆርቆሮና አግዳሚ ወንበር፣ የአትክልት ቅርጫት፣ አንድ የሞተ በግ ይዞ ይግበሰበሳል። በዚህኛው ዳር አሸዋ ላይ የሚሸጡ ሴቶች ራሳቸውን ይዘው ያለቅሳሉ፤ በወዲያኛው ዳር እልል ይባላል። ያኔ በላያችንም መጣል ጀመረ። ሰው አንገቱን አቅንቶ በአፉ ይቀበለዋል። እኔና ታደሰ ከአንድ ግንብ ሥር ሣጥኑን መሃል አድርገን ተቀመጥን። ውሃው ጎድሎ ሰው መሻገር ሲጀምር ሣጥኑን አነሳና «ጫማሽን አውልቂ» አለኝ።

«አላወልቅም» አልኩት። ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያው ክፉ ቃል ነው። «በዚህ ጫማ ነው የሆንኩትን የሆንኩት።»

ከነጫማዬ ገባሁበት። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ዋጠኝ፤ አንዱ ሪቫን ሄደ። ቤት ስደርስ ከቀሚሴ ጫፍ እስከ ተረከዜ እንጠባጠባለሁ። እማማ የሺ ደፉ ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ፤ እጃቸው ባዶ ጣሳ ይዟል። እግሬን አዩት። ከዚያ እኔ የማልረሳውን አደረጉ፤ ጎንበስ አሉና ጭቃ ያለበትን ጫማዬን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ግቢ ልጄ» አሉ። «ግቢ፣ ግቢ።»

እናቴን የሚያህሉ ሴት እግሬ ሥር! ያን ቀን ያፈርኩትን በድርቁም አላፈርኩም። ለማንሳት ስጎትታቸው ልንወድቅ ነበር። በማግስቱ ታደሰ አካፋውን ይዞ ወደ ኤረር ሄደ፤ ሲመለስ ወሬው ተገልብጧል። አስካለ ከደፉ ስትወጣ ሰማይ አለቀሰላት፣ ውሃ ይዛ ገባች ተባለ። እግረ እርጥብ ሆንኩ። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ይጠራኛል፣ ሙሽራ ስትገባ ከፊት ቅደሚ ይሉኛል፤ ዓሊ ራሱ ማለዳ ልጅ ይልክብኛል፤ እኔ ግን የማንም ዘንድ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ አልገባም። አሸዋ ላይ ዕቃዋ የሄደባት ሽንኩርት ሻጭ ብቻ «እንደው ሲመጣልሽ በዛ አላልሽም?» አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ ገባኝ። ምስጋናውን ስቀበል የእሷን ባዶ ቅርጫት አያለሁ፤ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።

እንግዲህ ሰኞ ቤት ስገባ የልጅ ልጄን ሰላምን ደጃፍ ላይ ልብስ ስታጥብ አገኘኋትና የሰማሁትን ነገርኳት። ጂኦግራፊ ታስተምራለች፤ ማስረዳት ትወዳለች። ሳፋ ሙሉ ንጹሕ ውሃ አቀረበችና ላዩ ላይ ዘይት ጠብ አደረገች።

«ዘይቱ የሞቀው ውሃ ነው በይ» አለችኝ። «እዚያ ባሕር ላይ ሁልጊዜ ነፋስ ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ ይኸው።» በአፏ ነፋች፤ ዘይቱ ዳር ሄዶ ተሰበሰበ። «ዝናብ የሞቀ ውሃ ያለበትን ይከተላል። አንዳንድ ዓመት ነፋሱ ይደክማል።» መንፋት አቆመች፤ ዘይቱ ተመልሶ ተዘረጋ። «ያኔ የዓለም ዝናብ ቦታውን ይለቃል። ፔሩ የሚባል አገር ዓሣው ይጠፋል፣ ጎርፍ ይሆናል፤ ሌላው ዘንድ ጫካ ይቃጠላል፤ የእኛ ክረምት ይቀራል። በኋላ ደግሞ የእኛው የሕንድ ውቅያኖስ በወዲህ በኩል ይሞቅና የጥቅምት ዝናብ በአንዴ ይወርዳል። ሁሌ እንዲህ ነው ባይባልም ብዙ ጊዜ ይከሰታል።»

ፔሩ ዓሣ ሲጠፋ እኔ መጋላ ስሰደብ ኖሬያለሁ ማለት ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይኼ ነው። ስቄ ሳልጨርስ ግን ነገሩ ዞሮ ወጋኝ። ድርቁ የባሕሩ ከሆነ ዝናቡም የባሕሩ ነው። ሐዲዱን የቆረጠው፣ እማማ የሺን ያንበረከከው፣ ታደሰን ይዞኝ እንዲመለስ ያደረገው ያው የሞቀ ውሃ ነው። እዚህ ቤት ያኖረኝ እግሬም አይደለም፣ ባሌም አይደለም። ሰላም ሳፋውን ደፉ አጠገብ ትታ ልብሷን ልታሰጣ ሄደች። ታደሰ እዚያው ደጃፍ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አዲሱን ነጠላ ጫማ ይለካል፤ የሰላምን ትምህርት በደህናው ጆሮው ሲሰማ ቆይቷል። ሊጠየቅ የማይችል የመሰለኝን ጠየቅሁት።

«ታደሰ፣ ያን ቀን ሐዲዱ ባይቆረጥ ኖሮ ትሰደኝ ነበር?»

እግሩን በአዲሱ ጫማ ውስጥ አስተካከለ።

«እሰድሽ ነበር» አለ።

ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜ ፊት እንዲህ ይግላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልነሳ ስል ቀጠለ።

«መሀረቡን ታስታውሻለሽ?»

«አፍረህብኝ ስታለቅስ?»

«ለቅሶ አልነበረም። ሳቅ ነው። ሐዲዱ ተቆረጠ ሲል ሳቄ መጣ፣ ደስ አለኝ። ሰው እንዳያየኝ ሸፈንኩት። እኔ የሐዲድ ሰው ነኝ አስካለ፤ በዚያ እንጀራ ነው የኖርነው። በማግስቱ ጓደኞቼ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሲቆፍሩ እኔ በልቤ ተመስገን እላለሁ። ነውር አይደለም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ስንት ዓመት!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ለእናቱ እንቢ ማለት ያቃተው ሰው፣ ጎርፍ እንቢ አለለት ብዬ?»

አቀረቀረ። ጆሮው ቀላ። እኔ በእግሬ፣ እሱ በአፉ እያፈርን፣ በአንድ ጣራ ሥር ፀጉራችን ሸበተ። ልወቅሰው ፈልጌ ተውኩት። ተነሳሁና ወደ ውስጥ ልገባ ደፉ ጋ ስደርስ፣ እንደ ልማዴ ቆም አልኩ፣ እንዲቀድመኝ። አልቀደመኝም። ሳፋውን በአዲሱ ጫማው ጫፍ ገፍቶ ደፉ ላይ ደፋው፤ ውሃው ከነዘይቱ ፈሰሰ።

«ቅደሚ» አለኝ። ወዲያው ደግሞ እጁን ዘረጋልኝ። «ቀስ በይ፣ ዘይት አለበት፤ ያንሸራትትሻል።»